ለእትዬ የተገዛችው ክፍል

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ በጡረታ የተሰናበተ ሰው። በሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ግቢው አምስት ተከራይና አንድ መጸዳጃ ቤት አለው። አከራይዋ እንግዳ ሲገባ ካዩ በመስኮት ብቅ ይሉና፣ "ዛሬ ውሃ የለም እኮ!" ይላሉ። ስለ ውሃ የጠየቃቸው የለም። የምትስቁት ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ስንቶቻችሁ ዛሬ ከዚያ ግቢ ወጥታችሁ ነው እዚህ ጉባኤ የመጣችሁት?

ይህ ሰው፣ መንክር ነው ስሙ፣ ቤት ገዛ። ቤት ስላችሁ ግን የቤት ሥዕል ነው የገዛው። ሻጮቹ ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ፕላን ዘረጋችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ "ይቺ ናት የእርስዎ፤ ስድስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት። በሁለት ዓመት ይረከቧታል" አለችው። ቦታው ላይ ያኔ የነበረው ጉድጓድ ብቻ ነው። ዝናብ ሞልቶበት እንቁራሪት ይጮህበታል። እሱ ግን ደስ ብሎት ፈረመ።

ብቻውን ለሚኖር ሰው ሁለት መኝታ ቤት ምን ያደርግለታል? አንደኛዋ ክፍል የታላቅ እህቱ የትርንጎ ናት። እናታቸው ስትሞት መንክር የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ትርንጎ ደግሞ አሥራ ስድስት። እሷ ናት ያሳደገችው። "መንክር ትምህርቱን ሳይጨርስ አላገባም" አለች፤ እንዳለችውም አደረገች። ኋላ ስታገባ ጊዜው ሄዶባት ነበርና ሳትወልድ ቀረች። አሁን ባሏም ሞቶ ጎሬ ከተማ ብቻዋን ናት።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልለታለች።

"መንክርዬ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። ልምጣና አብረን እንሁን?"

"ትንሽ ታገሺኝ እትዬ፤ ቤቱ ሊያልቅ ነው። የራስሽ ክፍል አለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት።"

"እኔ ክፍል መች ጠየቅሁህ? አንተ ያለህበት ይበቃኛል።"

"አንቺን እዚህ ጉድ ውስጥ? ምን ቆርጦኝ!"

ወገኖቼ፣ አትፍረዱበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይወዳታል። ስለሚወዳት ነው ያፈረው። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። የምንወደውን ሰው የምንጠራው አልጋው ተነጥፎ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ቤቱ ቤት ሲመስል ነው። እስከዚያው ብቻችንን ብናድር ይሻለናል።

ሁለት ዓመት የተባለው አራት ዓመት ሆነ። ሕንፃው አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዴ ብረት ጠፋ ይባላል፣ አንዴ ሲሚንቶ ጠፋ ይባላል። መንክር ከሰዓት በኋላ የሚያዋየው ሰው ስለሌለ ወደዚያው ይሄዳል። ከመንገዱ ማዶ ይቆምና ፎቅ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። የእትዬ ክፍል በምትሆንበት ቦታ ቁራ ሲያልፍ ያያል። ከዚያ ዳቦውን ገዝቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ለብቻው ይበላል። ጎሬ ደግሞ እህቱ ለብቻዋ ትበላለች። አንድ ቤት እየጠበቁ ሁለት ሰዎች በሁለት ቤት ብቻቸውን ናቸው።

አንድ ቀን እዚያው እንደቆመ ዝናብ ያዘው። የሕንፃው ጥበቃ ዳርጌ ከአጥሩ ውስጥ አየውና፣ "ይግቡ እንጂ ጋሼ! ሊበሰብሱ ነው!" ብሎ ጠራው። ገባ። ዳርጌ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው አጥሩ ሥር በተሠራች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

"እናቴ ናት። ባለፈው ጥቅምት ነው ከአገር ቤት ያመጣኋት" አለ ዳርጌ።

"እዚህ? አይቸገሩም?"

"ትቸገራለች። እኛም እንቸገራለን። አብረን ነው የምንቸገረው" አለና ሳቀ። "ቤት ልሥራና ላምጣሽ ብላትማ፣ እኔ የሰው ቤት ጠባቂ ነኝ፤ መቼ ልሠራ ነው?"

መንክር ዝናቡ ሲያባራ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ልቡ ተነክቷል። ስልኩን አነሳ። ቁጥሯን ሊነካ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ እርጥበት በልቶት ቀለሙ ተላልጧል። እትዬ ይህን ስታይ ታየችውና ስልኩን መልሶ አስቀመጠው። ያን ዕለት ደውሎ "ነይ" ብሏት ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ የእሑዱ ስልክ መልኩን ለወጠ። "ምሳ በልተሃል?" ትለዋለች፤ በልቻለሁ ይላታል። ትንሽ ቆይታ ደግማ፣ "ምሳ በልተሃል?" ትለዋለች። "አይ እትዬ፣ አረጀሽብኝ!" ብሎ ይስቅባታል። አንድ እሑድ በሟች ባሏ ስም ጠራችው። እሱም የአፍ ወለምታ ነው ብሎ አለፈው። ሌላ እሑድ ሳትደውል ቀረች፤ መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ለሁሉም ምክንያት ነበረው። የሚፈራ ሰው ምክንያት አያጣም።

በሰባተኛው ዓመት ቤቱ አለቀ። በሩ ተገጠመ፣ ሴራሚኩ ተነጠፈ፣ ውሃ መጣ። መንክር ለእህቱ ክፍል መጋረጃውን ራሱ መረጠ። ትራሱን ሦስት ጊዜ አራግፎ አስተካከለ። ከዚያ ጎሬ ሄዶ ሊያመጣት ተነሣ።

እዚያ ሲደርስ ጎረቤቷ በሩ ላይ ተቀበለችው። "ጋሼ፣ እትዬ ትርንጎ እየረሳች ነው። ባለፈው ገበያ ሄዳ ቤቷ ጠፍቷት ሰዎች ናቸው ያመጧት" አለችው። እሱም፣ "ብቸኝነት ነው እንዲህ ያደረጋት። ከእኔ ጋር ስትሆን ይሻላታል" አላት። ይህን ሲል ከልቡ ነው።

አመጣት። በማግስቱ ጠዋት፣ ልክ ፀሐይ ሲገባ፣ የክፍሏን በር ከፈተላት። ሰባት ዓመት ያሰባት ሰዓት ይቺ ናት።

"ይኸው እትዬ።"

ገባች። መጋረጃውን ዳሰሰችው። "ሲያምር! የማን ነው?"

"ያንቺ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ደግ ሰው ነዎት።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ግን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። "ብዙ አልቆይም። ወንድሜ መጥቶ ይወስደኛል። ቤት እያሠራ ስለሆነ ነው የዘገየው።"

"እትዬ፣ ወንድምሽ እኔ እኮ ነኝ! መንክር ነኝ!"

አየችው። ቆይታ አየችው። ከዚያ እንግዳ ሰው እንዳይቀየም በሚናገሩበት ለስላሳ ድምፅ፣ "ይመጣል። ታገሺኝ ብሎኛል" አለችው።

መንክር አጠገቧ ተቀመጠ። "እኔም አብሬሽ ልጠብቀው?" አላት።

"ይጠብቁ" አለችው። "ብቻዬን መጠበቁ ሰልችቶኛል።"

ወገኖቼ፣ የእናንተ ቤት ስንተኛ ፎቅ ላይ ደርሷል?

"ደረጃ ዕድገቴን ላግኝና እናቴን አመጣታለሁ" ያልከው ወንድሜ፣ ስንት ዓመትህ ነው? "ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱና ከእህቴ ጋር እታረቃለሁ" ያልሽው፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ? እየወደዳችሁ ነው የምታስጠብቁት፣ አውቃለሁ። መንክርም ይወዳት ነበር። ፍቅሩ ግን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅሎ ሰባት ዓመት ሙሉ አልደረሰላትም።

ለእግዚአብሔርም ይህንኑ እንላለን። "መጠጡን ልተውና እመጣለሁ። ትዳሬ ይስተካከልና እጸልያለሁ። ውስጤ ይጽዳና በሩን እከፍታለሁ።" እስቲ ንገሩኝ፣ ጌታ የገዛን አልቀን፣ ቀለም ተቀብተን ነው? ጉድጓድ ሳለን አይደለም ወይ በደሙ የፈረመልን? እሱ በከብቶች ግርግም የተኛ ነው፤ ባላለቀ ቤት መግባት አያፍርም። የምናፍረው እኛ ነን።

እንግዲህ ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ያ የምታስጠብቁት ሰው ማን እንደሆነ አስቡ። እኔ ስሙን አላውቅም፤ እናንተ ግን ስናገር ፊቱ መጥቶባችኋል። ቤቱ ጠባብ ነው አትበሉኝ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ወጡ በውሃ ይረዝማል፣ አከራይዋም ተቆጥተው ይተዋሉ። ስማችሁን ሳይረሱት ሂዱና አምጧቸው።