ግዛው የተለጠፈበት መስታወት

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞተባት። ባሏ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር ነበር፤ ሚኒባሱንና በየማለዳው በራቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ልጆች ትቶላት ሄደ። ምን ታድርግ? ቤቷን ዘግታ ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ከሏን እንደለበሰች መሪውን ጨበጠች።

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። ሟቹ ታናሽ ወንድሜ ግዛው ነው። ሴቲቱ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ እንድነግራችሁም ፈቅዳልኛለች። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ የገዛ ቤታችንን ነገር ነው።

በአርባው የግዛው ጓደኞች ፎቶውን በትልቁ አሳትመው የሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ ለጠፉት። እዚህ አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። ስቲከሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ከውጭ ለሚያየው ሰውዬው ፈገግ ብሎ ይታያል፤ ከውስጥ ሆኖ ለሚመለከት ደግሞ መንገዱ እንደ ነገሩ ይታየዋል። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ግዛው ሆነ። ስሙ፣ የተወለደበት፣ ያረፈበት፣ ከሥሩም «አንረሳህም» የሚል።

ያ ፎቶ እንዴት እንዳጽናናት! ባጃጆች ከኋላዋ ሲደርሱ ክላክስ ነፍተው ሰላም ይሉታል። የሚያውቁት ሾፌሮች መብራት ያበሩለታል። እኔም መንገድ ላይ ሚኒባሱ ሲያልፍ እጄን አነሳለት ነበር። እሷም «ከኋላዬ አለ፤ ብቻዬን አይደለሁም» ትል ነበር። ትነዳለች፣ ከኋላዋ አለ። ትቆማለች፣ ከኋላዋ አለ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አንድ ነገር መጣ። በሌላ ሰፈር አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ አንዲት ሕፃን ገጨ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሕፃኗ ተረፈች። ወላጆች ግን ሰላም አጡ። እኛ ሰፈር ያለው የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ ወሰነ፤ ልጆቻችንን የሚያመላልስ መኪና ሁሉ የፊትና የኋላ ካሜራ ይኑረው፣ የተቀረጸውም እየታየ ይመርመር፣ ከኋላው ያለውን አጥርቶ የማያሳይ ሰርቪስ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ልጅ አይጭንም አለ።

ጥሩወርቅ በደስታ አስገጠመች፤ ሁለቱም ከመኪናው ውስጥ ሆነው በመስታወቱ አሻግረው ያያሉ፣ ያዩትም ከሾፌሯ ፊት ባለች ስክሪን ላይ ይወጣል። የፊቱ ካሜራ መንገዱን፣ ዛፉን፣ የሰውን ፊት ሳይቀር ጥርት አድርጎ አሳየ። የኋላውስ? የኋላው ጨለመ። ዕውር አልሆነም፣ ይቀርጻል፤ ግን በቀትር ፀሐይ የቀረጸው ሁሉ ማታ የተቀረጸ ይመስላል። ልጅ ይሁን የአጥር ግንድ አይለይም።

ልብ በሉ፤ ካሜራው የተገጠመው ከፎቶው በኋላ ነው። ጥርት ያለ ምስል አሳይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም ሰው «ካሜራው ነው የተበላሸው» አለ።

ከድር ወደሚባል የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ሚኒባሱን ይዛ ሄደች። ከድር የግዛው ወዳጅ ነው፤ ለለቅሶው ድንኳን ከተከሉት አንዱ ነው። ሌንሱን ዳሰስ አደረገና ሳቀ።

«እትዬ፣ ላስቲኩን እንኳ ሳትልጪው!»

«እንዳይቧጨር ብዬ ነዋ።»

«እኛ ሰዎች እኮ! የሶፋ ላስቲክ አንልጥም፣ የስልክ ላስቲክ አንልጥም፣ አሁን ደግሞ ካሜራውን ሸፍነን እይ እንለዋለን።»

ላጠው። ትንሽ ተሻለው፤ ያው ጨለማ ነው። ሜሞሪውን ቀየረ። ያው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ብርሃኑን ከፍ አደረገ። ምስሉ ነጣ፣ ግን አመድ የተበተነበት ሆነ፤ ልጆቹ ከጥላነት ወደ ጭስነት ተለወጡ። ሽቦውን ፈትሾ ደህና ሆኖ አገኘው። በመጨረሻ ካሜራውን ከቦታው ነቅሎ፣ ከነሽቦው ስቦ፣ በጎን መስኮት ወደ ውጭ አወጣው።

ወገኖቼ፣ ስክሪኑ ላይ ምን የመጣ ይመስላችኋል? አደባባዩ! የጀበና ቡና ሻጯ ጃንጥላ፣ የአህያ ጋሪው፣ የሰማዩ ሰማያዊ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ካሜራው ጤነኛ ነበር!

ከድር በዚያች ቅጽበት ምክንያቱን አወቀ። ካሜራውን ወደ ቦታው መለሰ፣ የኋላውን መስታወት አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ… መስታወቱ ይሆናል።»

«መስታወቱ ምን ሆነ?»

«ትንሽ… ጠቆር ያለ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

ከድር ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «በጨለማ የሚያይ ጠንካራ ካሜራ አለ ይባላል። አፈላልግልሻለሁ።»

ምነው ከድር? ምነው እውነቱን አልነገርካት? እንዴት ይንገራት! ሐዘንተኛን ሴት «የባልሽን ፎቶ አንሺ» ይበላት? በየትኛው አፉ? ይሉኝታ ያዘው። ከእኛ መካከል ይህ ይሉኝታ ይዞት የማያውቅ ማን አለ?

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፈለቀ ሊመረምር መጣ። እሱም የግዛው አብሮ አደግ ነው። የተቀረጸውን አየ። ወርዶ ከመኪናው ኋላ ዞረ። ፎቶው ፊት ቆሞ መስታወቱን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አቧራ ይዞት ይሆናል፣ ጥሩዬ» አላት። «እጠቢውና ሰኞ መጥቼ አያለሁ። ሰኞ ካልሆነ ግን… ወላጆቹ አይለቁኝም። ይግባሽ።»

አጠበችው። በሳሙና አጠበችው፣ በጋዜጣ ወለወለችው። የግዛው ፊት አበራ፤ ካሜራው ግን ያው ነው። ጥሩወርቅ እነዚያን ልጆች ካጣች መኪናውን ትሸጣለች፤ መኪናውን ከሸጠች ባሏ ካቆመው ቤት የሚቀር ነገር የለም። ማታ ማታ «እኔ ነኝ መንዳት የማልችለው፣ እኔ ነኝ የተረገምኩት» እያለች ማልቀስ ጀመረች።

አያችሁ? ከካሜራው አልፋ ራሷን እንደ ተበላሸች ቆጠረች።

ከሰኞው በፊት ባለው ቅዳሜ ሙት ዓመቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴን እማማ ያንጥፉን ይዘን በዚያው ሚኒባስ እነጥሩወርቅ በር ላይ ደረስን። ከድርም አብሮን ነበር። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስክሪኑን ስታየው ቆየች።

«ይቺ ቴሌቪዥን ምነው ጨለመች?»

እናቴ ዞር ብላ የኋላውን መስታወት አየች። ከውስጥ ሲያዩት ፎቶው ፊት የለውም፤ ጥቁር ጀርባ ብቻ ነው።

«ልጄ ነው እንዴ የጋረዳት?»

ጥሩወርቅ መሪው ላይ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ከድር በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«አንተ ከድር፣ አትሽሸኝ። እሱ ነው ወይ?»

«እማማ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም።»

«አለማለትህንማ ሰማሁ። ነው ወይ?»

«…ነው፣ እማማ።»

እኔ እናቴ አሁን ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ሳቀች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ያኔ ገና ማየቴ ነበር።

«ድሮም እኮ ቴሌቪዥን ፊት ይገተር ነበር! ‘ዞር በል አንተ ልጅ፣ አንተ መስታወት አይደለህ’ ስለው ነው ያደገው። ዛሬም ዞር በል ልለው ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥሩወርቅ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

«እማዬ፣ እባክዎ አይንኩብኝ። ከኋላዬ አለ ብዬ እኮ ነው ዓመት ሙሉ የነዳሁት።»

እናቴ እጇን ያዘቻት። «ልጄ፣ ከኋላሽ ያሉት የሰው ልጆች ናቸው። ግዛው በሕይወት ቢኖር ልጆቹን ጋርዶ ይቆም ነበር? በይ ንገሪኝ፣ ይቆም ነበር?»

ጥሩወርቅ ራሷን ነቀነቀች። «አይቆምም።»

«እንግዲያው ውረጂ። ከልሽን የማስወልቅሽ እኔ ነኝ፤ የመኪናውንም እኔ አወልቃለሁ። ሌላ ሰው አይነካውም። እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ለብ ያለ ውኃ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከታችኛው ጥግ በጥፍሯ አነሳችው። ጥሩወርቅ በሌላው ጥግ ያዘች። አልጣደፉም። ትከሻው ላይ ሲደርስ ተቀደደ፤ ጥሩወርቅ እህ ብላ ቆመች፤ እናቴ «አይዞሽ፣ አያመውም» አለቻትና ቀጠሉ። ፊቱ ግን ሳይነካ ወጣ። ከድር ዙሪያውን ቆርጦ አስተካከለውና በጎን፣ ልጆቹ የሚሳፈሩበት በር አጠገብ፣ ቆርቆሮው ላይ ለጠፈው።

ከዚያ ጥሩወርቅ ገብታ ሞተሩን አስነሳችና ስክሪኑን አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሞተሩን አጠፋች።

ከመኪናው ኋላ፣ እግረ መንገዱ ዳር፣ የጎረቤት ሕፃናት ሰኞ ማክሰኞ ሥለው ይዘሉ ነበር። አንዷ ጠጠሯን ለማንሳት ጎንበስ ብላለች። የቀሚሷ አበባ ሳይቀር ይታያል። እኛ ፎቶውን በጎን ስንለጥፍ መጥተው ኖሮ፣ እዚያ መኖራቸውን ማናችንም አላወቅንም።

ሰኞ አቶ ፈለቀ መጣ፣ አየ፣ ፈረመ። ደስ አለውና ከአፉ አመለጠው፤ «እኔ እኮ ያን ቀንም አውቄው ነበር» አለ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?» አለችው ጥሩወርቅ።

«እንዳታዝኚ ብዬ።»

«አዝኜ እኮ ነው ያገኘኸኝ፣ ፈለቀ!»

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ሐዘንተኞች ሆይ፣ ስንት ጊዜ «እኔ ተበላሽቻለሁ» ብላችኋል? ጸሎቴ አይሰማም፣ ልቤ አይሠራም፣ ደስታ አይገባኝም ብላችኋል። ሌንሱን ወለወላችሁ፣ ሽቦውን ፈተሻችሁ፣ በግድ ፈገግ እያላችሁ ከውስጥ ብርሃን ለመጨመር ታገላችሁ። አመድ ሆነባችሁ። እኔም ወንድሜን የቀበርኩ ነኝና አውቀዋለሁ። ግን ስሙኝ፤ ዓይናችሁ ጤነኛ ነው። ልባችሁ ጤነኛ ነው። የሰጣችሁ አምላክ አልወሰደባችሁም። የምትወዱትን ሰው ብርሃን በሚገባበት መስታወት ላይ ለጥፋችሁት እንደሆነ ብቻ እዩ።

እርሱት አላልኳችሁም። ማን ይረሳል? ግዛው ዛሬም መኪናው ላይ አለ። ልጆቹ ሲሳፈሩ ጉንጩን ነካ አድርገውት ይገባሉ፤ አንዱማ በየቀኑ «ደህና አደርክ ጋሼ» ይለዋል። ድሮ ከሩቅ ክላክስ ይነፉለት ነበር፤ አሁን በእጅ ይዳሰሳል። ቦታው ተቀየረ እንጂ ፍቅሩ መቼ ቀነሰ?

እናንተም አይታችሁ ዝም ያላችሁ፣ የከድር ወገኖች፣ የፈለቀ ወገኖች! ዝምታችሁ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። ፍቅር ግን መስታወት ዳብሶ ብቻ ይመለሳል? እንዳታዝን ብላችሁ የተዋችኋት እህት ያለ እናንተ ስታዝን ከርማለች። የመናገር ድፍረት ካጣችሁ መናገር የሚችለውን ሰው ፈልጉ። እናቷን ጥሩ፣ የነፍስ አባቷን ጥሩ፣ አብሯት ያለቀሰውን ጥሩ። ስትሄዱም ተናግራችሁ ብቻ እንዳትወጡ። ውኃውን ለብ አድርጉ። ከጥግ ጀምሩ። ሲቀደድ አብራችሁ ቁሙ።

የቀበራችኋቸው በእግዚአብሔር እጅ ናቸው። ከእርሱ እጅ አይወድቁም፤ እናንተ ደግፋችሁ እንድታቆሟቸው አልጠየቃችሁም። የጠየቃችሁ በሕይወት ያሉትን እንድትደግፉ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ማን እየጠበቃችሁ እንዳለ እዩ፣ በስሙም ጥሩት።