የአሸዋው ሜዳ ጀግኖች

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሲያሻው በሚመጣበት ሲያሻው በሚቀርበት የቆላ አገር፣ አራዊት ሁሉ አንበሳን አንግሠው ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ተስማምተው ስል ጠግበው ማለቴ ነው፤ ከጠገበ ጋር መስማማት ለማንም አይከብድም።

በቆላውና በደጋው መካከል በጋ ከክረምት የማትደርቅ አንዲት ምንጭ ነበረች። የሁለቱም አገር አራዊት ውሃ ሲያልቅባቸው የሚሄዱት ወደዚችው ምንጭ ነው። ማን ቀድሞ ይጠጣ በሚለው ክርክር ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንድ ዘዴ ዘየዱ። በየዓመቱ የገና ጨዋታ ይጫወቱ፤ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ይለጉ፤ ሩሯን በባላንጣው ድንበር አብልጦ ያሳለፈ ወገን ዓመቱን ሙሉ ቀድሞ ይጠጣ፤ የተሸነፈው ከእርሱ የተረፈውን ይጠጣ አሉ። ጨዋታው አንዱን ዓመት በቆላ፣ ሌላውን ዓመት በደጋ እንዲሆን ተስማሙ።

ቆላዎችን በአገራቸው የሚችላቸው አልነበረም። ሜዳቸው አሸዋ ነው። አሸዋ ሩርን ይይዛል፤ ሩሯ ተለግታ ብዙ ሳትርቅ ትቆማለች፤ ስለዚህ ቀድሞ የደረሰባትና ክንደ ብርቱ የሆነው ያሸንፋል። ጅብ ደግሞ እንደምታውቁት ያየውን ሁሉ ካልያዝኩ ባይ ነው። ሩር ባየ ቁጥር ይሮጣል፣ በደረሰባት ቁጥር ባለ በሌለ ኃይሉ ይለጋታል። ሌላ ቦታ ሆዳምነት የሚባለው ነገር አሸዋ ላይ ጀግንነት ሆነለት። «አያ ጅቦ! አያ ጅቦ!» እየተባለ ተዘፈነለት።

ሜዳውን የሚጠብቀው ቀበሮ ነበር። ድንጋይ ካየ ይለቅማል፣ ሣር ካየ ይነቅላል፣ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ደግሞ ከወንዝ ዳር ተጨማሪ አሸዋ አስመጥቶ ያለብሰዋል። ለዚህ ሥራው ከንጉሡ ግዳይ ጥሩ ጥሩው ሥጋ ይደርሰዋል። እሱም ንጉሡን ደስ የሚያሰኝ ወሬ አጥቶ አያውቅም።

ደጋ ሲወጡስ? ደጋ ሲወጡማ ይሸነፋሉ። ወጥተው ያሸነፉበት አንድም ዓመት አልነበረም። ግን ማን ደነገጠ? ዝናቡ በወቅቱ ይዘንባል፣ ኩሬዎቹ ይሞላሉ፣ ምንጯን የሚፈልጋት የለም። ተሸናፊዎቹ «ኧረ ምን ያለ ብርድ ነው እናንተ!» እየተባባሉ እየሳቁ ይወርዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት በአሸዋቸው ላይ ሲያሸንፉ ያለፈው ሽንፈት ይረሳል።

ታዲያ አንድ ክረምት ዝናቡ ቀረ። ኩሬዎቹ ተሰነጣጠቁ። ጨዋታው ደግሞ በዚያ ዓመት በደጋ ነበር።

አንበሳ ጉባኤ ጠራ። ከሁሉ በፊት የተነሣችው ከድንጋያማው ተረተር ሥር የምትኖረው ሚዳቋ ነበረች። በቅርቡ ወልዳለች፤ ግልገሏ ከእግሮቿ መካከል ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፤ «ዘንድሮ ከተሸነፍን ደጋዎች ጠጥተው እስኪያበቁ ምንጯ ጭቃ ትሆናለች። እኔ ጭቃም ቢሆን እልሳለሁ። ይህ ልጅ ግን ከእኔ በቀር ምንም የለው። ውሃ ካላገኘሁ ጡቴ ይደርቃል።»

«ማን እንሸነፋለን አለሽ?» አለ አንበሳ።

«ደጋ ላይ አሸንፈን እናውቃለን ወይ?»

ሁሉም መልሱን ያውቀዋል፤ ጮክ ተብሎ ሲባል ግን ሰምቶት አያውቅም። ቀበሮ ቶሎ ብሎ ተነሣ።

«እቱ፣ የወለደች ሆዷ ይባባል፤ አንፈርድብሽም። ግን እስኪ ደጋ ላይ ያሸነፈን ማን ነው? ብርዱ ነው። ነፋሱ ነው። ዳኛው ደግሞ የእነሱው ጉሬዛ ነው። ጨዋታችን ራሱ ምን ይወጣለታል? አምና እዚህ ሜዳ ላይ ምን እንዳደረግናቸው ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። አምና እዚህ ነበር፣ ዘንድሮ እዚያ ነው። የእነሱ መሬት ጠንካራ ነው፤ ሩሯ ትነጥራለች፣ ትሸሻለች። እኔ የምኖርበት ተረተር ይሻላል፤ ወጥታችሁ እዚያ ተለማመዱ። ከፈለጋችሁ እኔም ልሰለፍ።»

ጅብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ? አሸዋው ላይ ገና እግርሽን ስታሳርፊ እስከ ጉልበትሽ ትሰምጫለሽ!»

«ደጋ ላይ አሸዋ የለም፣ አያ ጅቦ።»

«ተጫዋች የሚመረጠው በሜዳችን ነው» አለ ቀበሮ፤ «በሜዳችን ላይ ያልታየ ጎበዝ የለም።» ከዚያም ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ጌታዬ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ከወጡ ሩር ያመልጥዎታል። ጥንቸሉ ሁሉ ቆሞ ያያል። ሩር ሲያመልጠው የታየን ንጉሥ ከዚያ በኋላ ማን ይፈራዋል?»

አንበሳ ፊቱ ጠቆረ። ነገሩ እውነት ነበራ። አንድ ጊዜ ብቻውን ተረተሩ ላይ ወጥቶ ሞክሮት፣ ሩሯ በእግሮቹ መካከል እየሾለከች አበሳውን አሳይታው፣ ማንም እንዳላየው አረጋግጦ ወርዶ ነበር። «ሜዳችን ይበቃናል!» ብሎ አገሳ። ጉባኤው በዚያው ተበተነ። ቀበሮም እፎይ አለ፤ የድንጋይ ሜዳ ጠራጊ አያሻውማ።

ጥቂት ቆይቶ ከደጋው ንጉሥ ከዋልያ ዘንድ ቁራ መልእክት ይዞ መጣ። «እንግዳ አስቀድሞ መጥቶ ብርዱን ይልመድ፣ ሜዳችንንም ይሞክር፤ ጫካችን ማረፊያው ነው» ይላል መልእክቱ። ቀበሮ ሰምቶ ጥርሱን አሳየ። «ጌታዬ፣ ወጥመድ ነው። አስቀድመን ወጥተን ስንወድቅ ስንነሣ አይተው ሊስቁብን ነው። ደርሰን ተጫውተን እንመለስ።»

እንዳለውም አደረጉ። ጨዋታው ነገ ሊሆን ዛሬ በአመሻሹ ደጋ ደረሱ። ሁሉም ትንፋሽ አጥሮታል፣ ጆሮው በርዶታል። ጅብ ግን ገና ከመድረሱ «ቁርበት አንጥፉልኝ!» አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል የሰማችሁት እንዲህ ያለውን ነው። ደጋዎቹ ጨዋ ናቸው፤ አነጠፉለት።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ሣሩ አጭር፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። በዝቅተኛው ወገን ገደል አለ። ሩርን ገደል የከተተ ደግሞ በድንበሩ እንዳለፈበት ይቆጠርበታል።

ጉሬዛ ሩሯን ጣለ። ጅብ እንደ ልማዱ ተወርውሮ ዱላውን ከላይ እስከ ታች አወረደው። ሩሯ ግን ውርጩ ላይ ተንሸራታ አልፋ ነበር፤ የመታው ነፋስ ነው። በጀርባው ወደቀ። ተነሣ፣ ደግሞ ሮጠ፤ አሁን በዱላው ጫፍ ነካትና ገደል ገባች። ሌላ ሩር ተጣለ፤ እሷንም ገደል ከተታት። አንበሳ ራሱ ገባ። በአሸዋው ላይ ስንቱን ያስደነገጠው ያ ክንዱ ሩሯን ከመሬት አንሥቶ ወደ ሰማይ አጎናት፤ ነፋሱ ያዛትና እሷም ገደል ገባች።

የደጋዎቹ ጭላዳዎች ሌላ ዓይነት ነበሩ። ሩሯ በፍጥነት ስትመጣ አይነኳትም። «ትሂድ! ትሂድ!» ይባባላሉ። ወደ ዳገቱ ታልፋለች፣ ትደክማለች፣ ቀስ ብላ ተመልሳ ትወርዳለች። ያኔ አንዱ ጭላዳ ዱላውን ለስለስ አድርጎ ያገኛትና በቆላዎች ድንበር ያሳልፋታል።

«ያዩትን መተው ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ ጅብ እያለከለከ።

ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ ከሜዳው ዳር ቆማ ታይ ነበር። ከእንግዲህ መቆም አልቻለችም። «አያ ጅቦ፣ ተዋት! እባክህ ተዋት፣ ትመለሳለች!» ብላ ጮኸች።

«ጅብ ያየውን ትቶ አያውቅም!» ብሎ ወደ ገደሉ የምትንከባለለዋን ሩር ተከተላት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ዋልያ በጭራው ባይዘው ኖሮ እሱም ከሩሯ ጋር ነበር የሚገባው። ፀሐይ ሳትበረታ ነገሩ አለቀ። ቆላዎች ተሸነፉ።

«ዳኛችሁ አድሏል!» ብሎ አገሳ አንበሳ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ ዋልያ በትሕትና። «ጌታው አንበሳ፣ እኛም እናንተ ዘንድ ስንወርድ እንዲሁ ነን። አሸዋችሁ መላ ቅጣችንን ያጠፋዋል። ስለዚህ ከአሸዋችሁ በጆንያ ተሸክመን ወጣን፤ ከዋሻው በስተኋላ ደልድለን እየወደቅንም ቢሆን እንለማመድበታለን። አሁንም ትረቱናላችሁ፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። እናንተስ ከድንጋያችን አንዲት እንኳ ወስዳችሁ ታውቃላችሁ?»

አንበሳም መልስ ያጣ ንጉሥ እንደሚያደርገው ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ቀበሮ ወሬውን አሰናድቶ ጨርሷል። ሩሯ ከተለየ እንጨት የተጠረበች ናት፤ ሜዳውን ሆን ብለው ውሃ አጠጥተው ውርጭ አስይዘውታል፤ ለጅብ የተነጠፈለት ቁርበት ቁንጫ ነበረበት፤ እንቅልፍ ያላገኘ ጀግና ምን ያድርግ? አገር ሲደርሱ ወሬው እውነት ሆኖ ተቀመጠ።

ድርቁ ግን ወሬ አይሰማም። በምንጯ ዳር ደጋዎች ይጠጣሉ፣ ቆላዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ደጋዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ብዙ ናቸው፣ ድርቁም እነሱንም ነክቷቸዋል፣ ሕጉም ሕግ ነው። ሚዳቋ ተራዋ ሲደርስ የምታገኘው ጭቃ ነው። ትልሰዋለች። ጥርሷ መካከል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ግልገሏ ጡቷን ይይዛል፣ ይስባል፣ ምንም ሲያጣ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

ወደ አንበሳ ሄደች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ወደ ዋልያ ሽማግሌ ይላኩ። ለወለዱት ብቻ ጠዋት ጠዋት አንድ ጉንጭ ይፍቀዱልን። ጅብን ከገደል የመለሰ እንቢ አይልም።»

«ተሸንፈን ደግሞ ልንለምን?» አለ አንበሳ። «ስማችንስ?»

«ልጄስ?»

«የሚመጣው ዓመት ጨዋታ በሜዳችን ነው» አለ ቀበሮ ጣልቃ ገብቶ። «ያኔ እናሳያቸዋለን፤ ትንሽ ታገሺ።»

«እኔ እታገሣለሁ» አለች ሚዳቋ፤ «እሱ ግን የሚመጣውን ዓመት አያውቀውም።»

ሽማግሌም አልተላከ። ግልገሉ መጀመሪያ መሮጥ ተወ፣ ቀጥሎ መቆም ተወ፤ አንድ ጠዋት እናቱ ላሰችው፣ ላሰችው፣ አልተነሣም። እሷ ግን እስከ እኩለ ቀን መላሷን አላቆመችም። የእሷ ብቻ ቢሆን ምነው! በዚያ በጋ የድኩላውም፣ የአጋዘኗም፣ የሰሳዋም ልጆች እንዲሁ እየተንበረከኩ ቀሩ። ይህን ክፉ ነገር ባልተርክላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

አገሩ በኀዘን ድምፁ ሲጠፋ አንበሳ «ሕዝቤ ልቡ ተሰብሯል፣ ይጠገን» ብሎ እርስ በርስ የሚደረግ ጨዋታ አዘዘ። ቀበሮ አዲስ አሸዋ አለበሰ፤ ሜዳውም ከምንጊዜውም ይልቅ አማረ። የሚቆም አቅም ያለው ሁሉ ተሰበሰበ። ጅብ ገባ። እየሮጠ ይደርሳል፣ እየደረሰ ይለጋል፤ ሩር በሩር ላይ በድንበሩ አሳለፈ። ያች የደጋ ጠዋት ያልነበረች መሰለች። እልልታው በደረቀ ጉሮሮ ሲቆራረጥ ይሰማል።

አንበሳ ከዙፋኑ ተነሣ።

«አያችሁት አያ ጅቦን?» አለ። «በዚህ ድርቅ ሁላችንም አጥንታችን ሲቆጠር፣ እሱን ተመልከቱት! ጎኑ ሞልቷል፣ ጸጉሩ ያብረቀርቃል፣ ክንዱ ወፍሯል። ደጋም ብንወጣ ቆላም ብንጫወት ከእንግዲህ የጨዋታው አለቃ እሱ ነው!»

እልልታው እንደገና ሊነሣ ሲል ሚዳቋ ከሜዳው ዳር ተነሥታ ወደ አሸዋው ገባች። እግሮቿ ሰመጡ። እየተጎተተች እስከ መካከል ደረሰች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ሁላችን ስንከሳ አያ ጅቦ ዘንድሮ ምን በልቶ ወፈረ?»

ድኩላው አንገቱን ደፋ፤ አጋዘኗ ወደ ጅብ ሆድ አየችና ፊቷን አዞረች። ጅብ ግን ጥያቄው አልገባውም፤ የምግብ ነገር ሲነሣ ጊዜ ከንፈሩን ላሰ።

«ይቀጥል» አለ ቀበሮ ቀስ ብሎ። ሩሯም ተጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ራሱ ባመቻቸው ሜዳ ላይ ብቻ ማሸነፍን ጀግንነት ብሎ፣ በሰው አገር ሲረታ በብርዱና በዳኛው የሚያመካኝ ወገን፣ የሽንፈቱን ዕዳ የሚያስከፍለው ዱላ የጨበጡትን ሳይሆን ከኋላቸው ቆመው ውሃ የሚጠብቁትን መሆኑን ነው።