ለእመት አህዪት የወጣው ደቦ

አንድ ጊዜ፣ ከየትኛውም መንደር የሦስት ቀን መንገድ በሚርቅ ቆላ ውስጥ፣ አንዲት አህያና አንድ በሬ ማሽላ ዘርተው ይኖሩ ነበር። በሬው ቦራ ይባላል። አህያዋን የሚያውቋት ሁሉ እመት አህዪት ይሏታል። ማሽላው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቦራን ሆዱን አመመውና ጨዋማውን ውሃ ሊጠጣ ወደ ሆራው ወረደ። ከመሄዱ በፊት የአጥሩን በር በትልቅ እሾሃም የቀንጠፋ ቅርንጫፍ ዘጋና አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት፤ እስኪመለስ ድረስ ከአጥሩ እንዳትወጣ። ምክንያቱን አልነገራትም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ከወንዙ ማዶ ጅብ አለ።

በእንዲህ ያለ ሩቅ እርሻ ብቻዋን የቀረች አህያ ቀኗን በምን ታሳልፋለች ቢባል፣ መልሱ በሥራ ነው። እመት አህዪት ማለዳ ተነስታ በሩን ትፈትሻለች፤ ቀንጠፋው ላልቶ ከሆነ ግንዱን በጥርሷ ነክሳ ታጠብቀዋለች። ከዚያ አጥሩን ዙሪያውን ታያለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል የግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ እሷም ከማሳው መሐል ቆማ ስታናፋ ወፉ ተግተልትሎ ወንዝ ይሻገራል። ቀትር ላይ ዱባዎቹን ታርማለች። አረሙን የምታነሳው በመብላት ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ነው ወይስ ምሳ የሚለው ጉዳይ እሷንና ቦራን ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። አመሻሽ ላይ አመድ ላይ ተንከባልላ ታርፋለች። አንድም ቀን ረዘመብኝ ብላ አታውቅም።

አያ ጅቦና ቀበሮ ከማዶው ጉብታ ላይ ተኝተው ይህን ሁሉ አራት ቀን ተመለከቱ። አያ ጅቦ አጥሩን ሁለት ጊዜ ሞክሮት ነበር፤ ከሙከራው ያተረፈው አፍንጫው ላይ የቀረ እሾህ ነው። በአምስተኛው ቀን ወደ ሌላ አገር እንሂድ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ቀበሮው ግን ሲያስብ ነበር የሰነበተው። አህያዋ የማትወጣው አጥሩ ይዟት ሳይሆን ሥራ ይዟት እንደሆነ አስረዳው። ሥራ የሌለው ፍጡር በሩ ላይ መቆም ይጀምራል፤ በሩ ላይ የቆመ ደግሞ ውሎ አድሮ ይወጣል።

«ታዲያ ሥራዋን እንዴት እናስጥላታለን?» አለ አያ ጅቦ።

«እኛ እንሠራላታለን። አንዲትም ሥራ እንዳታስቀርላት። እኔ አጥንቱ ይበቃኛል።»

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ተጣሩ። ቀበሮው በትሕትና ጉዳዩን አቀረበ። ቦራ እንደሌለ ሰምተዋል፤ ጎረቤት ብቻዋን ስትደክም እያዩ መቀመጥ ነውር ሆኖባቸዋል፤ ስለዚህ ደቦ ወጥተዋል። መግባት አያስፈልጋቸውም፤ አጥሩንም ወፉንም ከውጭ ሆነው ይጠብቁላታል።

እመት አህዪት ነገሩ አልጣማትም። ጅብ በቀን ሲሠራ አይታም ሰምታም አታውቅም። ነገር ግን በዚያ አገር ደቦ የወጣን ሰው መመለስ ትልቅ ስድብ ነው፤ የመለሰ ቤት እሳት ቢነሳበት እንኳ የሚደርስለት አያገኝም። ደግሞም አጥሩ በመካከላቸው አለ። አመስግና ተቀበለች፤ ደንቡ ነውና ምን ልደግስላችሁ ብላ ጠየቀች። ዱባ ብትላቸው አያ ጅቦ ፊቱን አዞረ።

«ስለ ድግሱ አታስቢ፤» አለ ቀበሮው። «መጨረሻ ላይ ይደርሳል።»

ሥራው ተጀመረ። ቀበሮው ግሪሳው ሲመጣ ጭራውን እያወዛወዘ በአጥሩ ዙሪያ ይሮጣል፤ ወፉ ሳያርፍ ይመለሳል። አያ ጅቦ ደግሞ ከጫካ ቀንጠፋ እየጎተተ አጥሩን ያጠብቃል። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሠራተኛ ወጣው። በጓሮ በኩል እመት አህዪት ሳታያት የኖረች፣ አንድ ጅብ በደንብ የምታስገባ ሽንቁር ነበረች። አያ ጅቦ አገኛት፣ ሦስት ድርብ እሾህ ጠቀጠቀባት፣ ራቅ ብሎም አይቶ በእጅ ሥራው ኮራ። እመት አህዪት ከውስጥ ሆና እሰይ፣ እጅህ ይባረክ አለችው። አያ ጅቦን በሕይወቱ እጅህ ይባረክ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባለበት ሁሉ ሲያንጎራጉር ተሰማ።

በሦስተኛው ቀን ለእመት አህዪት ምንም አልቀረላትም። አረሙ እንኳ አልቋል። ጠዋት ተነስታ የምትፈትሸው ነገር ስላልነበራት ቆመች። ከዚያ ተቀመጠች። ፀሐይዋን ብታያት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ዱባዎቹን ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ናቸው። ደግማ ብትቆጥራቸውም አሥራ ሰባት ናቸው። ከትልቁ ዱባ ጋር ስለ ቦራ ሆድ ሕመም ጥቂት አወራች፤ መልስ ሲነፍጋት ተቀየመችው። በአራተኛው ቀን የራሷን ማናፋት ብትሰማው አስጠላት። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሣር፣ ከውስጡ ጋር አንድ ዓይነት ሣር፣ የተለየ ሆኖ ይታያት ጀመር። አያ ጅቦም እያንጎራጎረ ሲያልፍ፣ ይህ ምስኪን በከንቱ ነው ስሙ የጠፋው አለች በልቧ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ብቸኝነቱ ገደለኝ። ክፈቱልኝና ወጥቼ ትንሽ አብረን እናውጋ።»

ቀበሮው ከተኛበት ተነሳ። በእርጋታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ወደ በሩ መጣ። ሲደርስ በሩ የለም። በበሩ ቦታ ላይ ከጓሮው የባሰ፣ ቁመቱ ከጅብ ጆሮ የሚበልጥ የእሾህ ክምር ቆሟል።

«በሩን የት አደረስከው?» አለ።

«ደፈንኩት፤» አለ አያ ጅቦ በደስታ። «ጠዋት ጠዋት ስትፈትሸው አይተን የለ? እሱም ሥራ ነው። አንዲትም አታስቀርላት አላልከኝም?»

ቀበሮው ክምሩን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ቶሎ አፍርሰው አለው። አያ ጅቦ በአፉም በእግሩም ሞከረ፤ ከንፈሩ ደማ እንጂ አንድ ቅርንጫፍ አልተነቀለም። ቀንጠፋ ሲታጠር እሾሁ ወደ ውጭ፣ ግንዱ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ እንደ ደንቡ የታጠረን አጥር የሚያፈርሰው ከውስጥ ያለ ብቻ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ እንደ ደንቡ ነበር ያጠረው።

ቀበሮው ድምፁን አለስልሶ፣ እባክሽ እመቤቴ ከወዲያ በኩል ግንዱን ሳቢልን ብሎ ለመናት። እመት አህዪት ጎንበስ አለችና ግንዱን ነከሰች። አንዴ ሳበች፤ ክምሩ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ሳበች፤ በቀዳዳው የአያ ጅቦ አንድ ዓይን ታየ። ትንፋሽ ለመውሰድ ለቀቅ አደረገችው፤ ስድስት ቀን የሠሩ እንግዶችን ባዶ አፍ መሸኘት ከነከናት።

«የድግሱ ነገር አሳፈረኝ፤» አለች። «ዱባ አትበሉ፣ ማሽላ አትበሉ፤ ምን ላቅርብላችሁ?»

«አንቺ ብቻ ውጪልን፤» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ከዚያ ሌላ ምንም አንፈልግም።»

ቀበሮው ዓይኑን ጨፈነ።

እመት አህዪት ግንዱን አየችው፤ በቀዳዳው ያለውን ዓይንም አየችው። ከዚያ ግንዱን እንደገና ነከሰች፤ ወደ ጎን ገፋችውና ቀዳዳውን ደፈነችው። ይህ በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር፤ በደንብ ሠራችው።

ቀበሮው ያንኑ ሰዓት አገር ለቆ ሄደ። አያ ጅቦ ግን ምን እንዳጠፋ ስላልገባው እዚያው ተቀምጦ ከንፈሩን ይልስ ነበር። እመት አህዪት ጥቂት ካሰበች በኋላ ትልቁን ዱባ ወደ አጥሩ አንከባለለችና በኋላ እግሯ መትታ በላይ አሻገረችው።

«ደቦ የወጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይመለስም፤» አለችው። «ብላና ሂድ።»

አያ ጅቦ ዱባውን አሸተተና ፊቱን አኮማተረ። ከዚያ በላው። ከዚያ ሌላ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ግሪሳው በማግስቱ ተመለሰ፤ እሷም ማሳው መሐል ቆማ አናፋች፤ ቀኖቹም እንደ ድሮው አጠሩ። ቦራ ሆዱ ድኖ ሲመጣ በሩን አጣው፤ ለመግባት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። እንዲህ ያለ አጥር በዕድሜው አላየም፤ ማን ነው ያጠረው ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ቦራ ጆሮዋን፣ ጀርባዋንና አራቱን እግሮቿን አንድ በአንድ ካየ በኋላ ሁሉም በቦታቸው መሆናቸውን አረጋግጦ ጎኗ ተኛ፤ ያን ቀን አረም ማንሳት ሥራ ነው ብላ ስትከራከረው እሺ ይሁንልሽ አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራችንን በሙሉ ልሥራላችሁ ብሎ የመጣን እንግዳ ከማመስገናችን በፊት፣ እጃችን ባዶ ሲሆን እግራችን ወዴት እንደሚወስደን ማሰብ እንዳለብን ነው።