ከበሮውን የመታ ፍየሉን ያርዳል

«ተረት ተረት!»

«ያለ መቅረት!»

እሺ፣ ጠጋ በሉ። አንቺ እግርሽን ሰብስቢ፣ ሌላም ይቀመጥ። አንተ አታሾክሹክ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ነፋስ ያለበት ነው።

በድሮ ዘመን፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ጎጆዎቿ የሰሌን ናቸው። ውሃው አፍ ላይ ተደርድረዋል። አንድ ቤት ብቻ ኮረብታው ላይ ለብቻው ቆሟል። የድንጋይ ቤት። የመዲና ቤት።

መዲና ባሏን ባሕር በልቶባታል። ኬሪያ የምትባል ሕፃን አለቻት። ጡቷ ስለ ደረቀ ልጅቱን የምታሳድገው በአንዲት ፍየል ወተት ነው። ያለቻት እሷ ብቻ ናት። ሌላ ምንም።

በመንደሯ ሕግ ነበረ። ማዕበል ሲመጣ ያየ ሰው፣ ግራሩ ላይ የተሰቀለውን ከበሮ ይመታል። ባሕር ላይ ያሉት ይሰሙና ይመለሳሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማዕበሉ ካልመጣ ግን፣ ከበሮውን የመታው ሰው ፍየሉን አርዶ መንደሩን ያበላል። ሰው ሥራ አስፈትቷላ! ስለዚህ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። ከበሮ የሚመታ ግን የለም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባሕሩ ዝም አለ። ዝም! እንደ ዘይት ተኛ። ነፋስ የለም። ግን ከሩቅ ረጅም ሞገድ እየተንከባለለ ይመጣና ዳርቻውን ዱብ! ያደርገዋል። ይመለሳል። ደግሞ ዱብ! ሸርጣኖቹ ከጉድጓዳቸው ወጡና ሽቅብ ወደ ኮረብታው። የባሕር ወፎች ከውሃው ሸሹና ወደ መሬት። ፀሐይዋ ቀለበት አጠለቀች። በምሥራቅ ሰማዩ እንደ መዳብ ድስት ቀላ።

ወንዶቹ በጀልባ ወጥተዋል። ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ ዳርቻው ላይ ቆመዋል። ከነሱ አንዷ ዘሀብ ናት፤ ባሏ ባሕር ላይ ነው። ሽማግሌውን ሁመድን በክርኗ ነካ አደረገችና፦

፦ አባባ ሁመድ፣ ሸርጣኖቹ ምን ነካቸው?

፦ ዘመድ ሊጠይቁ ይሆናላ።

፦ ሁሉም ባንዴ?

፦ ለቅሶ ይሆናል።

፦ ይልቅ እርስዎ ከበሮው አጠገብ ነዎት።

፦ እኔ? እጄን ያመኛል። አንቺ ጉልበት አለሽ፣ ፍየልሽም ወፍራለች።

፦ የኔ ፍየል እርጉዝ ናት!

፦ የኔዋም ሳታረግዝ አልቀረችም።

ሽማግሌው ያለው አንድ ሙክት ብቻ ነበር።

ዱብ! አለ ሞገዱ። አሁን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መዲና ኬሪያን አዝላ ቆማለች። ባሏ የሞተ ዕለትም ሰዉ እንዲህ ሲገፋፋ ነበር። አንዱ አንዱን ሲያይ። ማንም አልመታም።

ሮጠች። ከበሮውን በሁለት እጇ፣ ድም! ድም! ድም!

፦ ኧረ አንቺ ልጅ! ፍየልሽን አስቢ! አለ ሽማግሌው።

፦ አስቤያታለሁ! አለችና መታች። ድም! ድም! ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ትዘላለች። እጇ ተላጠ። መታች።

ከዚያም ሸራዎቹ ታዩ። አንድ በአንድ መጡ። ዘሀብ ባሏን ስታይ እልል አለች። የትልቁ ጀልባ ባለቤት ሐንፈሬ ግን ጀልባው አሸዋ ሳይነካ ዘሎ ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል።

፦ የት አለ ማዕበሉ?

፦ ይመጣል፣ አለች መዲና።

፦ ዓሣ የሞላ መረብ ቆርጬ ጥዬ ነው የመጣሁት! የት አለ? ቀሚስሽ ውስጥ ደብቀሽዋል?

፦ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

፦ እሺ። ቁጭ ብለን እናያታለን።

ቁጭ አሉ። መንደሩ ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞሮ ፀሐይን ያያል። መዲና ብቻዋን ወደ ምሥራቅ። ቅጠል አይነቃነቅም። ፀሐይ ዝቅ አለች። ደግሞ ዝቅ። ሰማዩ ቀላ፣ ወየበ፤ ፀሐይዋ ጠለቀች።

፦ ቢላዋ፣ አለ ሐንፈሬ።

ሕግ ነዋ! ሐንፈሬ ኮረብታው ላይ ወጣና ፍየሏን ራሱ አረዳት። ታፋዋን ተሸከመ።

፦ እኔ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ተሻምቼ አልበላም፣ አለና ወደ ጎጆው ወረደ።

ሌላው ወጣ። ሥጋ ሲባል ማን ይቀራል? ሽማግሌ በምርኩዝ፣ ሕፃን በእቅፍ፣ የታመመ እንኳ ተደግፎ ወጣ። የመዲና ቤት ጢም አለ። ቀቀለች፣ አቀረበች። እሷ አልቀመሰችም። ኬሪያ በረሃብ ታለቅሳለች።

ከዚያም መጣ!

ምን መጣ ብቻ! መጀመሪያ ጣራው አፏጨ። ከዚያም እንደ ሺህ በሬ አገሳ። ባሕሩ ተነሣ! ቆመ! የሰሌን ጎጆዎቹን አንሥቶ እንደ ገለባ በተነ። ጀልባዎቹን ሰባበረ። የዘሀብን እርጉዝ ፍየል፣ የሽማግሌውን ሙክት፣ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደ። ውሃው የኮረብታውን እግር እየላሰ ሽቅብ ወጣ። ሰው ግን? ከሐንፈሬ በቀር ሰው ሁሉ ድንጋዩ ቤት ውስጥ ነው። አጥንት ይዞ።

፦ እውነቷን ነበር እኮ! አለ ሽማግሌው።

፦ ከጠለቀች በኋላ ነው የመጣው። ሕግ ሕግ ነው፣ አለ አንዱ ከጨለማው።

፦ ዝም በል! ሥጋዋ ጥርስህ ውስጥ ነው! አለች ዘሀብ።

መዲና ሕፃኗን እየወዘወዘች፦ ታዲያ ልጄ ነገ ምን ትጠጣ?

ለማዋስ እንኳ ፍየል የቀረው የለም።

ዷ! ዷ! ዷ!

መዲና የበሩን መወርወሪያ ያዘች፦

፦ ማን ነው?

፦ ሐንፈሬ ነኝ! ክፈቺ! ውሃው ተረከዜን ይዟል!

፦ ብቻህን ነህ?

፦ ከፍየሌ ጋር! ጫንቃዬ ላይ ናት!

ከውጭ፦ ሜ...!

፦ የምትታለብ ናት?

፦ ትታለባለች! በፈጠረሽ ክፈቺ!

፦ ኧረ ክፈቺለት፣ አለ ሽማግሌው።

፦ ቆይ፣ ትጨርስ! አለች ዘሀብ።

መዲና ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች፦

፦ የማን ፍየል ናት?

ምን ትላላችሁ? ከፈተች? አልከፈተች? እኔ እንጃ። ተረቴ ደጅ ቆሟል፣ አፌም ባዶውን ሆኗል፤ ቁራሽ ያቀበለኝ ሰው ያስገባዋል። ... እህ። ከዚያኛው ዳቦ። ከመሐሉ። ... ተባረኩ።

ነፋሱ ጮኸ። ከሐንፈሬ ኋላ ሞገዱ ዱብ! አለ።

፦ የኬሪያ! የኬሪያ ናት!

መወርወሪያው ተነሣ። መጀመሪያ ፍየሏ ገባች። ከዚያም ሰውየው።

ጓ! በሩ ተዘጋ።