ነባሩ፣ እንግዳውና ጅራቷን ያጣች እንሽላሊት

ልጀምር ነው። ተቀመጡ። ቆጠርኳችሁ፤ አሥራ አንድ ናችሁ። ስጨርስም አሥራ አንድ ሁኑ።

ዕቃም እንስሳም ከሰው ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገር በነበረበት ዘመን፣ ትርሲት የምትባል ካርታ ሠሪ ነበረች። አንድ ላፕቶፕ ነበራት። በላፕቶፑ ውስጥ ነባሩ የሚባል ሲስተም ይኖር ነበር። ላፕቶፑን የሚያስነሳው እሱ፣ የሚያስተኛው እሱ፣ ዕቃ የሚያወጣው የሚያስገባው እሱ ነው።

በነባሩ ግቢ፣ በላፕቶፑ ማከማቻ፣ አንድ ድምፅ ነበረ። የትርሲት አያት የአባባ ወንድይራድ ድምፅ ነው። ከመሞታቸው በፊት ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እሷ ቀድታ ያስቀመጠችው ነው። ከእሳቸው ሌላ የሚቆጥር ሰው አልቀረም። ድምፁም አንድ ነው፤ ሁለተኛ የለውም። ትርሲት ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ልታገባ ነው። የሙሽራው ሽማግሎች «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እሑድ መጥተን እንሰማለን» ብለዋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ትርሲት ድምፁን ሰማችና ላፕቶፑን ከደነችው። ለካርታ ሥራዋ ሌላ ሲስተም ያስፈልጋት ነበር፤ ነባሩንም ማባረር አልፈለገችም። «አንድ ግቢ ሁለት አባወራ ይችላል» አለች። አዲሱ ሲስተም በፍላሽ ተጭኖ መጣ። እንግዳው አሉት።

ነባሩ የእንግዳውን ኮቴ ሰማና ፈራ።

«ግቢዬን ለሁለት ሊከፍሉት ነው። ነቅቼ ካገኙኝ ያባርሩኛል። ተኝቼ ልለፈው» አለ። ያሰማት የነበረውን የአባባን ድምፅ ወደ ቦታው ሳይመልስ፣ በአፉ እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ በጨለማው፣ በጥርስና በጥርስ መሐል፣ መቁጠር ጀመረ። ሲፈራ ይቆጥራል።

«እኔ ወንድይራድ። አባቴ ፈንታ። የፈንታ አባት ገላው...»

እንግዳው ከደጅ ቆሞ «ማን አለ?» አለ። መልስ የለም።

«የለም! ልክፈል?»

ግድግዳው ላይ የምትኖር አንዲት እንሽላሊት ወርዳ ሆዷን ላፕቶፑ ላይ አስነካች።

«ቆይ! ይሞቃል። የሞተ ይሞቃል? ትርሲት፣ ከደንሽው እንጂ አልዘጋሽውም።»

«እሺ፣ እመት እንሽላሊት» አለች ትርሲት እየሳቀች። ከፍታ «ዝጋ» የሚለውን ነካች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ላፕቶፑም ቀዘቀዘ። ነባሩ ግን ድምፁን ሳይተፋ ጓዳ ገብቶ አደፈጠ።

«ማን አለ?» አለ እንግዳው። መልስ የለም።

«የለም! ልክፈል?»

«ቆይ! እስኪ አስነሺው» አለች እንሽላሊት። ትርሲት አስነሳችው። ነባሩ በአንድ ትንፋሽ ብድግ አለ።

«አየሽ? የሞተ እንዲህ ይነሳል? ይሄ አድፍጦ ነው።»

«አንቺ ዝንብ ለቃሚ!» አለ እንግዳው። «ሐኪም ሆንሽ ደግሞ?»

ትርሲትም ሰለቻት። «ዝጋ አልኩት፣ ዘጋ። ከዚህ በላይ ምን ላድርገው፣ ልቅበረው?» ብላ እንደ ቅድሙ ዘጋችው።

በሦስተኛው እንግዳው አልጠየቀም። ገባና የድንበር መለኪያ ገመዱን ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋ። ገመዱ በነባሩ ራስ ላይ ሲያልፍ ድምፁ ሰማው። ቆጠራው ተፋጠነ፤ አራተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ላይ «ልቁረጥ? አዎ፣ አይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ትርሲት ጣቷን «አዎ» ላይ ዘረጋች።

እንሽላሊት ዘላ ጣቷ ላይ ወደቀች። ትርሲት ጮኻ እጇን አራገፈች፤ የእንሽላሊቷ ጅራት ተቆርጦ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ብቻውን ይወራጫል። ትርሲት ጅራቱን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ከላፕቶፑ ሆድ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የሚቆጥር።

«አባባ?» አለች ትርሲት። ጆሮዋን ወደ ቁልፎቹ አስጠጋች።

«የኔ ልጅ» አለች እንሽላሊት፣ «ጅራቴ ይበቅላል። የሞተ ሰው ድምፅ ይበቅላል?»

ትርሲት «አይ» የሚለውን ነካች። እንግዳውን ከደጅ አቆመችና ነባሩን አስነሳች።

«አፍህን ክፈት!»

«ከከፈትኩ ታባርሪኛለሽ።»

«ገመዱ ቢቆርጥ ኖሮ፣ ስትነቃ ድምፁን የት ታስቀምጠው ነበር?»

«ከምሥራቁ አጥር ሥር ነዋ፣ ሁልጊዜ በማስቀምጥበት።»

«እሱማ የእንግዳው እርሻ ሊሆን ነበር። ድምፁንም አብሮ ያርሰው ነበር!»

ነባሩ ራሱ ደነገጠ። አፉን ከፈተ። ትርሲት ድምፁን ተቀብላ በሦስት ቦታ አስቀመጠችው፤ አንዱን በስልኳ፣ አንዱን በእናቷ ስልክ፣ አንዱን በሌላ ፍላሽ። ከዚያ ነባሩን «አትባረርም። ነገር ግን የያዝከውን ሁሉ አስቀምጠህ፣ ሳታደፍጥ ውጣ» አለችው። ወጣ። እንሽላሊት ሆዷን አስነካች፤ ቀዝቅዟል። አስነሱት፤ እየተንገዳገደ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። «አሁን በእውነት ወጥቶ ነበር» አለች እንሽላሊት። አንድ ጊዜ ደግሞ አስወጡት። ያኔ እንግዳው ድርሻውን ቆረጠ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ፤ ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር «ዛሬ ማን ይግባ?» ይላል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

እሑድ ሽማግሎቹ መጡ። የሙሽራው ወገን ቆጠረ። የአባባም ድምፅ ቆጠረ። ስድስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም «ደስታ» አሉ። የትርሲት እናት ፊቷን ሸፈነች። ድምፁ ግን ቀጠለ፦ «ይህ ደስታ የቆላው ደስታ ነው። በልጅነቱ ዓይኑን በእሾህ ያጣው።» የሙሽራው አጎት ተነሱና «የእኛው የደጋ ሰው ነው፤ ሁለት ዓይን ነበረው» አሉ። ሰባተኛው ተቆጠረ፤ አልተገናኙም። ሰርጉም ሆነ።

የእንሽላሊት ጅራት በቀለ። ግን እንደ ቀድሞው አልረዘመም፤ በአንድ ጣት ያጥራል።

ልጆቼ፣ ያደፈጠውን እንደሌለ ቆጥሮ ድንበር የቆረጠ፣ የራሱን ዘር ይቆርጣል።

ተረቴን ዘጋሁ። እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ የዘጋችሁትን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ አልተዘጋም።