ከግድግዳው የተረፈው ፊት

በአንድ ወቅት፣ የሞቱ ታጋዮች ሥዕል እንኳ ሹማምንትን በሚያስደነግጥበት ከተማ፣ የወይዘሮ የሻረግ ልጅ ጥላዬ ጫካ ገብቶ በዚያው ቀረ። ሬሳው አልመጣም። ፎቶዎቹንም ቤተሰቡ እንዳይጠየቅበት ሲወጣ አቃጥሏቸው ነበር። የወደቁ ጓደኞቹ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሳሉ የእሱ ቦታ የሚሳልበት ፎቶ ስላልነበረ ባዶ ሆነ።

ታፔላ ጸሐፊዋ እህቱ አንጓች ግን እሺ አላለችም። ጥላዬን የሚመስለውን ወንድማቸውን ሽመላሽን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ከእሱ ፊት ጥላዬን ሳለችው።

«አትገልፍጥ! ጥላዬ እንዳንተ አልነበረም።»

«እሱን መቼ በርጩማ ላይ ሁለት ሰዓት ገትረሽው ታውቂያለሽ!»

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ የሻረግ እህል ሊያስፈጩ በሄዱ ቁጥር ግድግዳውን «እንዴት አደርክ ልጄ?» ይሉት ጀመር።

ማዘጋጃ ቤቱ ሥዕሉን ኖራ ቀባው። አንጓች በጠራራ ፀሐይ መሰላሏን አቁማ መልሳ ሳለችው። ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ ሦስት ጊዜ ሳለችው። በመጨረሻው ፖሊሶች የቀኝ እጇን ጣቶች በቆመጥ ሰበሩባት፤ በግራዋ ጨረሰች።

ቀጥለው ሽመላሽን ያዙና ግድግዳው ሥር አቆሙት። «ሥዕሉ የታጋይ አይደለም፣ የእኔ ነው ብለህ ፈርምና ሂድ» አሉት። ሐሰት አልነበረም። እሱ ግን ቀና ብሎ የገዛ ፊቱን አየና «ወንድሜ ነው። እኔ እዚህ ላይ የለሁም» አለ። ሁለት ዓመት ታሰረ።

በኋላ ዶዘር መጣ። የመጨረሻዋ ልጅ ውዴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ተነሺ!» አላት ሾፌሩ።

«አንተ ውረድ!»

ጎትተው አነሷት። ግድግዳው ሲናድ ግን አምልጣቸው አቧራው ውስጥ ገባችና ፊቱ ያለበትን የልስን ቁራጭ ታቅፋ ወጣች። እግሯን ድንጋይ ስለቀጠቀጠው እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

ያ መንግሥት ወደቀ። ሦስቱም ቁራጩን ፈልገው እናታቸው ፊት ቀረቡ። ሽመላሽ ቀብሮ ለጥላዬ መቃብር ሊያደርገው፣ አንጓች አደባባይ ላይ በአዲስ ግድግዳ ልትተክለው፣ ውዴ ዳግመኛ ማንም እንዳይነካው ቤቷ ልታኖረው።

«ፊቱ የእኔ ነው» አለ ሽመላሽ።

«ለፖሊስ እዚህ ላይ የለሁም አላልክም?» አለች አንጓች። «የሳለው እጅ ደግሞ የእኔ ነው።»

«እኔ ባልገባ ኖሮ ዛሬ በምን ትጨቃጨቁ ነበር?» አለች ውዴ።

ወይዘሮ የሻረግ ቁራጩን ጭናቸው ላይ እንደያዙ የታሰረውን የሽመላሽን ፊት፣ የአንጓችን የተሰበሩ ጣቶች፣ የውዴን የሚያነክስ እግር በየተራ አዩ። ከጥላዬ የቀራቸው ይኸው ብቻ ነው፤ ሰንጥቆ ማካፈል አይቻልም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ለማን ይገባል?