ከጠረጴዛው እግር ሥር የቀረችው ሰንጢ

በእጁ ያለውን ንቆ ሌላ ፍለጋ ስለሚጮኽ ሰው የምንለው አንድ አባባል አለ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሊቅ ነኝ ባይ በጋዜጣ ላይ «ከጥንት አባቶች የወረስነው ነው፤ ሰንጢው የጀግንነት፣ ጠረጴዛው የሥልጣን ምሳሌ ነው» እያለ ሁለት ዓምድ ሙሉ ተፈላስፎበታል። አንብቤ ደሜ ፈላ። የጥንት አባቶች በየትኛው ጠረጴዛ ላይ በልተው ነው? አባባሉ ከተነገረ ገና አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። የተነገረው በመስቀል ማግስት፣ ጎጃም ውስጥ ዋሻ ሚካኤል በምትባል መንደር፣ በአጎቴ በይስማው ግቢ ነው። በማን ላይ እንደተነገረም አውቃለሁ። በእኔ ላይ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አስተማሪ ነበርኩ፤ ከማስተማሩ ይልቅ ግን በጋዜጣ መሟገቱን እወድ ነበር። በዚያ ክረምት «ቀጥቃጭን የሚንቅ በማረሻው አይረስ» የሚል ጽሑፍ አውጥቼ ብዙ ሰው አስቆጥቻለሁ። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን፣ ከወንዝ ማዶ አስፍረን፣ እርሱ በሠራው ማጭድ አጭደን መብላታችን ነውር ነው ብዬ ነበር። አሁንም ነውር ነው። ከጽሑፉ አንዲት ቃል አልሰርዝም። የምሰርዘው ቢኖር ጸሐፊውን ነው።

ለመስቀል አጎቴ ዘንድ ስሄድ ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አጎቴ ለተማረው የእኅቱ ልጅ ክብር ሲል ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ ተውሶ አስገባልኝ። ሌላው ሁሉ መደብ ላይ ተቀምጦ በመሶብ ሲበላ እኔ በጠረጴዛ በላሁ። አልተቃወምኩም።

በበዓሉ ዋዜማ የመንደሩ ቀጥቃጭ አያ ቢተው ከወንዝ ማዶ መጥተው አጥሩ ላይ ቆሙ። እግራቸውን ያማቸው ስለነበር በዱላ ነው የመጡት። እኔና የአጎቴ ሚስት ዘርፌ ወጣን።

«ጌታው፣ ስለ እኛ የጻፉትን መሪጌታ አነበቡልኝ» አሉኝ። «ሁለቴ አስነበብኋቸው።»

«ግባ እንጂ፣ ምን ከደጅ ያቆምሃል?» አልኳቸው።

ልብ በሉ። የአባቴ እኩያ እኔን አንቱ ይሉኛል፤ ስለ ክብራቸው የጻፍኩት እኔ አንተ እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ጆሮዬን አልቆረቆረውም።

«አልገባም። ይህቺን ብቻ ላቀብልዎ ብዬ ነው» ብለው ከኩታቸው ጫፍ አንዲት ሰንጢ ፈትተው ሰጡኝ። እጀታዋ የበሬ ቀንድ ነው። ሦስት ስለት አላት። «ሰፊው ለሥጋም ለገመድም ነው። ትንሹ ለብዕርዎ መቅረጫ ይሁንዎ። ይህ ጠባቡ ረጅሙ ሆዱ ለተነፋ ከብት መውጊያ ነው። ለገበያ ስሠራት በአንዲት ዶሮ ዋጋ ነው የምሸጣት፤ እንዳይንቋት።»

አመስግኜ ተቀበልኩ። አያ ቢተው ገና ቁልቁለቱን ሳይወርዱ ዘርፌ ክንዴን ያዘችኝ።

«በእርሷ ምግብ እንዳትቆርጥ፣ ይበልጣል» አለችኝ በስሜ ጠርታ።

«አንቺ ደግሞ፣ በቡዳ ታምኛለሽ?»

«እኔ አላምንም። አንተ ግን አትቁረጥ።»

ሳቅሁባት። በማግስቱ የበዓሉን ሥጋ የቆረጥኩት ግን ከውጭ አገር በመጣው ባለ ቀይ እጀታ ሰንጢዬ ነው። መቀስ፣ የጠርሙስ መክፈቻና የጥርስ እንጨት ያለው፣ በየሰው ፊት እያወጣሁ የማብለጨልጨው ነገር ነበር። ለራሴ «ይህኛው ስለለመደኝ ነው» አልኩ። ውሸታም ሰው ለራሱ ምክንያት አያጣም።

አሁን ወደ ነውሩ ልምጣ። በመስቀል ማግስት ጠዋት ለአንድ ተከራካሪዬ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሰውዬው «ሙያ ሁሉ እኩል አይከበርም» ብሎ ጽፎ ነበርና በንዴት ነው የማዘጋጀው። ወለሉ አፈር ስለሆነ ጠረጴዛው ይወዛወዛል። ድንጋይ ፈለግሁ፤ አጣሁ። የአያ ቢተው ሰንጢ ስትታጠፍ ውፍረቷ ልክ ሆነ። ከአጭሩ እግር ሥር ወተፍኳት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። እኔም በቀጥቃጭ እጅ ሥራ ላይ የቆመ ጠረጴዛ ተደግፌ ስለ ቀጥቃጭ ክብር አራት ገጽ ጻፍኩ። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ሐና ብቻ አዩኝ። በአጎቴ ግቢ የሚጦሩ፣ ጆሯቸው የደከመ መነኩሲት ናቸው። 

ቀኑ ገበያ ነበር። ዘርፌም ጎረቤቱም ሁሉ ገበያ ወርዷል። ረፋዱ ላይ አጎቴ ከጓሮ ሲጣራ ሰማሁና ሮጥኩ። ቦራ የሚባለው የእርሻ በሬው አጥር ጥሶ፣ ጤዛ ያዘለ ማገጥ፣ ያን ከብት የሚነፋ ሣር፣ ሲግጥ አድሮ ኖሮ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ምላሱን አውጥቶ ያቃስታል። አጎቴ ያለው ጥማድ አንድ ነው። የሽምብራ መሬቱ አልታረሰም፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

«ጠባብ ስለት» አለኝ። «በግራ ጎኑ ወግቼ ላስተንፍሰው። የእኔን ክረምት ላይ ወንዝ በላብኝ።»

«የሥጋው ቢላስ?»

«በዚያ ብወጋው ሆድ ዕቃውን ልዘረግፈው ነው?»

«የስፌት ወስፌስ?»

«ቀዳዳው ወዲያው ይዘጋል። ስለት ነው የምልህ።»

ቀዩን ሰንጢ አወጣሁ። መቀሱ ወጣ፤ መክፈቻው ወጣ፤ በመጨረሻ ስለቱ ወጣ። አጎቴ ቢወጋበት ከቆዳው አላልፍ ብሎ ተመልሶ ታጠፈና ጣቱን ቆረጠው። ወረወረው። እኔ የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁና ወደ ወንዙ ዞሬ «የሰንጢ ያለህ፣ የስለት ያለህ» እያልኩ ጮኽኩ። እምላለሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን ረስቻታለሁ። ሰንጢ መሆኗ ከልቤ ወጥቶ የጠረጴዛ እግር ሆናለች።

ከገበያ የቀረ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እግሩን የሚያመው። አያ ቢተው ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን እያነከሱ ወጡ። በሬውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ጌታው፣ የሰጠሁዎትስ? ለዚሁ አይደል እንዴ ጠባቡ?»

አጎቴ ቀና አለ። «ምን ሰጠኸው?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቤቱ አርባ እርምጃ አይርቅም። ሮጬ ማምጣት እችላለሁ። ግን ከየት እንዳመጣኋት ይታያል፤ አጎቴ ይከተለኛል፤ ጠረጴዛው ይወዛወዛል፤ አራቱ ገጽ እዚያው ላይ ተዘርግቷል።

«ለአንድ ወዳጄ ሰጠኋት» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ሲያልፍ።»

አያ ቢተው ፊታቸው አልተለወጠም። «ደግ አደረጉ» አሉ። «ሌላ ቤት አለችኝ፤ ላምጣ።» ደግሞ በዚያ እግራቸው ቁልቁለቱን ወረዱ።

በሬው ሽማግሌው እስኪመለሱ ይቆያል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለት ነውር ነው፤ ተመኘሁ። ቦራ በጉልበቱ ወደቀ። አጎቴ ሆዱን በመዳፉ ያሻል፤ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ልጅ» ይለዋል። እኔ አርባውን እርምጃ እያየሁ ቆሜያለሁ። በሬው ዓይኑ ሲገለበጥ አጎቴ የሥጋውን ቢላ አስመጣኝ። በከንቱ ሞቶ ጥንብ እንዳይሆን በስመ አብ ብሎ ባረከው። ደሙ ማገጡ ላይ ሲፈስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

አያ ቢተው ደረሱ። በእጃቸው እንደ እኔዋ ያለች ሰንጢ፣ ጠባቡ ስለት ከመንገድ ጀምሮ ተከፍቶ ይዘዋል። ላባቸው ይንጠባጠባል።

«ዘገየሁ» አሉ። «ይቅር በለኝ፣ ይስማው። ይህ እግር ነው።»

ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።   ዛሬ ከጠረጴዛው ሥር በወተፍኳት በዚያች ሰንጢ እርሳስ እቀርጻለሁ፤ ገመድ እቆርጣለሁ፤ ሥጋም እቆርጥባታለሁ። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለቷ አልተነቃነቀም፤ ሁለቴ ብቻ ነው ያስሳልኳት። ቀዩ በዚያው ዓመት ዛገ። ነገር ግን ይህን ማወቄ ለቦራ ምን ይረባዋል?

በዚህ መካከል እማሆይ ወለተ ሐና ግድግዳውን እየተደገፉ ከቤት ወጡ። ጩኸቱን ዘግይተው ነው የሰሙት፤ ምን እንደተፈለገም ዘግይቶ ነው የገባቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አፈር የነካትን ባለ ቀንድ ሰንጢ በመዳፌ ላይ አኖሯት። አጎቴ ሰንጢዋን አየ። አያ ቢተውም አዩና ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ።

«ምነው እማሆይ፣ ይህቺ ከየት ተገኘች?» አለ አጎቴ።

መነኩሲቷ እኔን እንጂ እርሱን አላዩም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም፦ «ምን ይደረግ ልጄ፣ ሰንጢውን ከጠረጴዛ ሥር ወትፎ፣ ደጅ ወጥቶ የስለት ያለህ ይላል።»